ሸብረክ

ጡረታ የወጣውን የእግር ኳስ ዳኛ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ፊሽካ በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። በሃያ ስድስት ዓመት የዳኝነት ዘመኑ ከምንም በላይ የሚጠላው አስመሳይ ነበር። ማንም ሳይነካው ሣር ላይ የሚንከባለል ተጫዋች ካየ ካርዱ ከኪሱ ለመውጣት ጊዜ አይፈጅበትም።

ባለፈው ክረምት መታጠቢያ ቤት አዳልጦት ከወደቀ ወዲህ ግን ሜዳ ረግጦ አያውቅም። ፎቅ ላይ ያለውን መኝታ ቤቱን ትቶ ምድር ቤት ሶፋ ላይ መተኛት ጀምሯል፤ «ሶፋው ይመቸኛል» ይላል። ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ውስጥ ያሉትን ዳኞች ሲሳደብ ይውላል። ስለ ጤናው የጠየቀው ሰው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ድኛለሁ፣ ተዉኝ!»

አንድ እሑድ መምህርት ልጁ አጠገቡ ተቀመጠችና ቴሌቪዥኑን ቀነሰችው።

«አባዬ፣ ጎልፍ የምታስተምርህ ሴት አግኝቼልሃለሁ።»

«ጎልፍ ደግሞ ምኑ ስፖርት ነው? የሚሮጥ የለ፣ ዳኛ የለ!»

«ለዚህ እኮ ነው የመረጥኩልህ። የምትሰድበው ዳኛ የለም።»

ፊሽካ ሳቀ። መሳቁ አስያዘው።

አሰልጣኟ ነጭ ኮፍያ ያደረገች፣ አጠር ያለች፣ ድምጿ ግን የማያጥር ሴት ነበረች። በመጀመሪያው ቀን ከጎልፍ ክለቡ መለማመጃ ሜዳ ጥግ፣ ከብረቱ አጥር አጠገብ አቆመችው።

«እግርዎን በትከሻዎ ልክ ይክፈቱ። ጎሽ! አሁን ጉልበትዎን ሸብረክ ያድርጉ።»

«ምን?»

«ሸብረክ። ብዙ አይደለም። ወንበር ላይ ሊቀመጡ ጀምረው ሐሳብዎን የቀየሩ ያህል።»

«እኔ ለማንም ሸብረክ ብዬ አላውቅም።»

«ለእኔ አይደለም ጋሼ፤ ለኳሷ ነው።»

ኳስ ግን አልነበረም። በመጀመሪያው ሳምንት የጎልፍ ዱላም አልነበረም። አግዳሚው ላይ መቀመጥ፣ መነሣት፣ መቀመጥ፣ መነሣት ብቻ። ሸብረክ ብሎ ቆሞ ሠላሳ ድረስ መቁጠር። ክብደትን ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ።

«ጉልበትዎ ተቆለፈ» ትለዋለች። «ይክፈቱት።»

ሲከፍተው፣ «በዛ፤ ሊቀመጡ ነው እንዴ?» ትለዋለች።

ቀና ሲል፣ «እንደገና ተቆለፈ!»

ከዚያ ትንሽ ደብተር ታወጣና አንድ ነገር ጫር ታደርጋለች። ፊሽካ በሕይወቱ የሰውን ስም ደብተር ላይ ሲያሰፍር የኖረ ሰው ነው። የእሱ ስም ሲጻፍ ቆሽቱ አረረ።

በሦስተኛው ሳምንት ዱላ ተሰጠው። ኳስ አሁንም የለም። ቤቱ ገብቶ ምድር ቤት ባለው ቁም ሣጥን መስታወት ፊት ጃንጥላ ጨብጦ ቆመ። ሸብረክ አለ። መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰው ጎልፍ የሚጫወት ሳይሆን ታክሲ ውስጥ ወንበር ያጣ ይመስላል። ጃንጥላውን ወረወረው። ጥቂት ቆይቶ አነሣውና እንደገና ሞከረ።

«አምስት ሳምንት!» አለ ለልጁ። «አምስት ሳምንት ሙሉ ጉልበት! አንዲት ኳስ አልመታሁም!»

«መሠረቱ አቋቋም ነው ብላሃለች እኮ፣ አባዬ።»

«ምን መሠረት አለ? ቤት እየሠራሁ ነው? ስሚኝ ልጄ፣ ይቺ ሴት ጎልፍ አታውቅም። ሞኝ አድርጋሻለች።»

 ልጁ ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ይህ ሁኔታዋ እንቅልፍ ነሣው። ልጁ የዋህ ናት፤ ተማሪዎቿ ቤት ሥራችንን ውሻ በላው ሲሏት የምታምን። አንዲት አጭበርባሪ ኮፍያ አድርጋ ብትመጣባት ምን ይገርማል? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ የዚችም እንደሚቀል እርግጠኛ ነበር። የቀረው በዓይን ማየት ብቻ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ዓርብ ሆን ብሎ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ደረሰ። ከቆሙት መኪኖች ጀርባ ሆኖ አጮልቆ ተመለከተ። አሰልጣኟ ብቻዋን ናት። ግራ ቀኟን አየች፣ ከኪሷ ኳስ አውጥታ ሣሩ ላይ አስቀመጠች፣ ዱላውን አነሣች።

ሳተች።

ደግማ ሳተች። በሦስተኛው ከኳሱ ይልቅ የሣሩ ጓል ርቆ ሄደ። ይባስ ብሎ የራሷ ጉልበት እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሏል።

ፊሽካ እሷን ማነጋገር አልፈለገም። አስመሳይን ማነጋገር ምን ይፈይዳል? የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ከሜዳው በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ንዴቱ እየገፋው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣና በሩን ሳያንኳኳ በረገደው።

ሥራ አስኪያጁ መስኮቱ ላይ ያሉትን አበቦች ውኃ ያጠጣ ነበር።

«አሰልጣኛችሁ አስመሳይ ናት!»

«የትኛዋ?»

«ያቺ! ባለ ነጭ ኮፍያዋ! ስድስት ሳምንት ጉልበት፣ ጉልበት፣ ጉልበት! ኳስ መምታት አትችልም፤ አሁን በዓይኔ በብረቱ አየኋት! ልጄን እያታለለቻት ነው!»

ሥራ አስኪያጁ ማጠጫውን አስቀምጦ በመስኮቱ ወደ ታች ተመለከተና ፈገግ አለ።

«ኧረ እሷስ የእኛ አሰልጣኝ አይደለችም፤ ሐኪም ቤት አልሄድም ብለው ደረጃ መውጣት ላቃታቸው አባቷ አንዲት መምህርት ለምና ያመጣቻት ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ እርስዎንስ ማን ልበል?»