የውሰት ገበያተኞች

«እንደገና ከላይ! ፌስታሉን ወዝወዝ እያደረጋችሁ፤ ደግሞ ካሜራውን አትዩት!»

የመንገዱን ማስታወቂያ የምትቀርጸው ነፃነት በድምፅ ማጉያው ስትጮህ የሳሊሃ የአክስት ልጆች እየተሳሳቁ ወደ መንገዱ ጫፍ ተመለሱ። ጋዜጣ የታጨቀበትን ፌስታል አንጠልጥለው ድጋሚ ሊወርዱ ነው። ሳሊሃ ከጨርቅ ሱቋ ባንኮኒ ኋላ ሆና ታያቸዋለች። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሊገዛ የመጣ የለም፤ ሁሉም የባለሱቅ ዘመድ ነው።

ሐሳቡ የነፃነት ነበር። ይህ የደሴ ፒያሳ መንገድ ድንጋይ ተነጥፎለት፣ መብራት ተተክሎለት፣ አግዳሚ ወንበር ሳይቀር ተቀምጦለት፣ የሚሄድበት ሰው ግን ጠፋ። የበረንዳ ልብስ ሰፊዎቹ «መንገድ ያጣብባሉ» ተብለው ከተነሱ ወዲህ ጨርቅ ገዢውም አብሯቸው ተነስቷል። «ሰው የሚሄደው ሰው ወዳለበት ነው» አለች ነፃነት በባለሱቆቹ ስብሰባ። «ዘመድ ዘመዳችሁን አምጡ፤ እንቀርጻለን። ያየ ሁሉ ይመጣል።»

ሳሊሃ እንደ ልማዷ «እሺ» አለች። ጠዋት ወንድሟ ሰፍዋን ከኮምቦልቻ ሲደውልም ያው «እሺ» ነው ያለችው። «ዛሬ ደሴ ሁሉ እዚያ ነው አሉኝ» አላት። «ዛሬም እስከ መግሪብ አንድ ሜትር ጨርቅ ካልቀደድሽ ቁልፉን አምጪው፤ ሞባይል አስገባበታለሁ።» ሱቁ የአባታቸው ነው፤ ድርሻው የሁለቱም። ጨርቁ ግን የሷ ብቻ ነው።

ዓስር ከተሰገደ በኋላ አንዲት ሴት ጉፍታዋን እያስተካከለች ገባች።

«አሰላሙ ዓለይኩም።»

«ወዓለይኩም ሰላም።»

ሴትዮዋ ዋጋ አልጠየቀችም። በቀጥታ ወደ አረንጓዴው ጣቃ ሄዳ ጠርዙን በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው፤ ወደ ብርሃኑ አውጥታም አየችው።

«ማሻአላህ» አለች ሳሊሃ ሳቋን አፍና። «አያያዝሽ ቁርጥ የገዢ! ማን ነው ያመጣሽ? ነፃነት ናት ወይስ አብዱልባሲጥ?»

«አብዱልባሲጥ ክር የሚሸጠው ነው? እሱ ነው እዚህ ግቢ ያለኝ።»

«በይ እንግዲህ ተዋወቅን።»

«ለልጄ ኒካህ ነው። ከቦሩ ሜዳ ነው የመጣሁት። ለቀሚስ ስንት ሜትር ይበቃል? በረንዳው ላይ የነበረው ሰፊስ ወዴት ሄደ? እሱ ዓይቶ ነበር የሚነግረን።»

«አቤት ስታሳምሪው! ኒካሁንም ጨመርሽበት!» ሳሊሃ ሳቋ አመለጣት። ከሳቀች ሰንብታለች። «እህቴ፣ እዚህ ውስጥ እኮ ካሜራ የለም፤ ምን ያደክምሻል? ትንሽ አረፍ በይና ውጪ።» ከባንኮኒው ሥር አንድ ፌስታል አንስታ አስጨበጠቻት። «ይኸው፣ ገዝተሻል።»

ሴትዮዋ ፌስታሉን ከፈት አድርጋ አየች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጋዜጣ ነዋ። ማን ውስጡን ያያል!»

ሴትዮዋ ጋዜጣውን አየች፤ ሳሊሃን አየች፤ የሳሊሃን ሳቅ አየች። ከዚያ ፌስታሉን እንደሚሰበር ዕቃ ቀስ አድርጋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«ገጠሬ ናት ብለሽ ነው የምትሳለቂብኝ፣ እቴ? ወላሂ፣ ያላማረሽን ሰው አልሸጥልህም ማለት ይበቃ ነበር።»

ወጣች። «ይቺስ ቲያትር ቤት ነው የሚገባት» አለች ሳሊሃ ለራሷ፤ በሳቅ ያነባ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች።

ወዲያው ጎረቤቷ አብዱልባሲጥ አንገቱን በበሩ አስገባ። «እህስ፣ ስንት ሜትር ወሰደች?»

«ማን?»

«የቦሩ ሜዳዋ ሴትዮ ናታ! ከኔ ክርና ዳንቴል ገዛች፤ ጨርቁን ከሳሊሃ አልኳት። ለሙሽራዋም ለእህቶቿም ነው አለች። ጣቃውን ትጨርስልሻለች ብዬ…»

«ዘመድህ አይደለችም?»

«የኔ ዘመድ?» አብዱልባሲጥ ሳቀ። «የኔ ዘመድ ከኔ ገዝቶ ያውቃል እንዴ? በነጻ ነው የሚወስደው!»

ሳሊሃ ባንኮኒውን ዞራ ወጣች። መንገዱ ጢም ብሏል። ባየችበት ሁሉ ጉፍታ፣ ባየችበት ሁሉ ፌስታል። ሮጠች። አንዷን ከኋላ ትከሻዋን ያዘቻት፤ የአክስቷ ልጅ ዚክራ ናት።

«ምነው ሳሊሃ? አካሄዴ አላማረም?»

ሴትዮዋን ያየቻት ንጣፉ ከሚያልቅበት፣ ከታች፣ ባጃጅ ስትሳፈር ነው። «እህቴ!» ብላ ጮኸች። «የቦሩ ሜዳዋ! እህቴ!» ዘመዶቿ የቀረጻው አካል መሰላቸውና እየሳቁ ተቀበሏት፤ «እህቴ! እህቴ!» መንገዱ በሙሉ እህቴ ሆነ። ባጃጁ ታጥፎ ሄደ።

ሳሊሃ ትንፋሿ እየተቆራረጠ እንደቆመች ነፃነት እየሮጠች መጣች። ፊቷ በርቷል።

«እትዬ ሳሊሃ! እንዴት ያለ ሩጫ ነው! ባለሱቅ ደንበኛዋን ስትከተል… እኔ ራሴ አመንኩዎት እኮ! ግን ሰዎቹ ከለሉብን። ብርሃኑ ሳይጠፋ አንዴ ብቻ ይድገሙልን?»

ሳሊሃ ወደ ታች አየች። አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች።

«እሺ» አለች።

ወደ በሯ ተመልሳ ቆመች። ነፃነት ለማስጀመር እጇን ዝቅ ስታደርግ ሮጠች። በዚህኛው ዙር ዘመዶቿ ግራና ቀኝ ተከፍለው አሳለፏት፤ ከፊቷ ያለው መንገድ እስከ ታች ድረስ አንድም ሰው አልነበረበትም።