ድምፅ የላቸውም

ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይላል። «እንዳትፈሪ። የኛ ልጅ መሆንሽን ይወቁት።» በግራዬ የትምህርት ክፍሌ ኃላፊ፣ ዶክተሯ፣ ክንዴን ጨበጥ ታደርገኛለች። «አይዞሽ፤ እውነቱን ብቻ ተናገሪ።» ሁለቱም ለእኔ አስበው ነው። ሁለቱም የያዝኩትን ጽሑፍ አላነበቡም።

የከተማው ምክር ቤት አዳራሽ ጠባብ ነው፤ የብረት ወንበሮች፣ የማይከፈት መስኮት፣ አንድ ማይክ። ለውይይት የቀረበው ሐሳብ አጭር ነው፦ የእኛ ሰዎች የጋብቻ፣ የፍቺና የውርስ ጉዳይ ከፍርድ ቤት ወጥቶ በራሳችን ሽማግሌዎች ይታይ። ያቀረበው ጋሼ ነው፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አባቴ ሲሞት ወስዶ ያሳደገኝ፣ የሽማግሌዎቹም አለቃ።

እውነት ለመናገር፣ ጋሼ ተነሥቶ ሲናገር አንጀት ይበላል። «አውቶቡስ ውስጥ በቋንቋችን ስናወራ ሰው ዞር ብሎ ይገላምጠናል። ትምህርት ቤት የልጆቻችንን ስም ቆርጠው ይጠሩታል። ዳኛ ፊት ስንቆም የሚባለው ግማሹ አይገባንም። የቀረን ቤታችን ነው። ቤታችንን እንኳ ተዉልን!» አዳራሹ ያጨበጭባል። እኔም አጨበጭባለሁ። ስማቸው ከተቆረጠባቸው ልጆች አንዷ ነኝ።

ቀጥላ ዶክተሯ ትነሣለች። «ባህል የምንለው ብዙ ጊዜ የወንዶቹ ባህል ነው» ትላለች። እዚህ ድረስ ከእሷ ጋር ነኝ። «የእነዚህን ሴቶች ኑሮ ያየ ሰው ልቡ ይደማል። ድምፅ የላቸውም። እኛ ካልተናገርንላቸው ማን ይናገርላቸዋል?» እጇ ወደ ኋላ ወንበሮች ይጠቁማል፤ ዓይኗ ግን አይከተለውም።

እኔ ዞር እላለሁ። እትዬ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ከሥራ እንደወጣች፣ የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ። የሟቹ የትንሹ አጎቴ ሚስት ናት። ሁለት ክፍል ቤታቸውን ከባሏ ጋር ብሎኬት እየተሸከመች ነው የሠራችው። እሱ ከሞተ ወዲህ ጋሼ «በኛ ደንብ ቤቱ የወንድሞቹ ነው» ብሎ ከሷታል፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው። ይህ ሐሳብ ከጸደቀ መዝገቡ ወደ ጋሼ ይመጣል። «ከሳሹም እሱ፣ ዳኛውም እሱ» ብላኛለች ጠዋት፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች።

«ቀጣይ፣ የፍልስፍና መምህርቷ» ይላል ሰብሳቢው።

አሥራ ሁለት ገጼን ይዤ ማይኩ ፊት እቆማለሁ። ስለ ማኅበረሰብ መብትና ስለ ሴት ልጅ መብት ስድስት ዓመት ያነበብኩት ሁሉ እዚያ ላይ ሰፍሯል፤ የትኛው ይቅደም፣ ማን ለማን ይሸነፍ። የመጀመሪያውን ገጽ አየዋለሁ። ከዚያ ሌሎቹን አገላብጣለሁ። የእኛ ሰፈር ሴት ከአፏ ያወጣችው አንድ ዓረፍተ ነገር የለበትም። ገጾቹን ጠቅልዬ እይዛቸዋለሁ።

«ተራዬን ለሌላ ሰው መልቀቅ እፈልጋለሁ።»

«ለማን?»

«ለአጎቴ ሚስት። ከኋላ አለች።»

ጋሼ ብድግ ይላል። «አልተመዘገበችም! እሷን እኛ ወክለናታል።»

«መቼ?» ይላል ድምፅ ከኋላ። እትዬ በወንበሮቹ መሃል እየመጣች ነው። ማይኩን ወደ ቁመቷ ጎትታ ታወርደዋለች። ወደ እኔ ዞር ብላ በቋንቋችን «አስተርጉሚልኝ» ትላለች። «አንድም ቃል እንዳታሳምሪ።»

አላሳምርም።

«ጋሼ፣ አውቶቡሱ ውስጥ እኔም ነበርኩ። እኔንም ገላምጠውኛል። ልጆቹን በቋንቋችን ያስተኛሁት፣ ተረቱን የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ አንተ ስብሰባ ላይ ነበርክ።» ከኋላ ሴቶች ይስቃሉ። «ባህላችን የምትለው የኔም ነው። ከእጄ ነጥቀህ የኔ ብቻ ነው አትበለኝ። ቤቴን አልለቅም። ከናንተም አልለይም። አንዱን ምረጪ የሚለኝ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይምረጥና ያሳየኝ።»

ከዚያ ወደ ዶክተሯ ትዞራለች። «አንቺም እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለኔ ብለሽ ነው። ግን ድምፅ የላቸውም ስትይ ከጀርባሽ ነበርኩ። ዞር ብለሽ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

ይህን ስተረጉም የዶክተሯን ዓይን ማየት ይከብደኛል። ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እትዬ አዙራ ትቀመጣለች።

ጋሼ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ቤት ውስጥ የሚያልቀውን አደባባይ አወጣችሁት» ይለኛል። «ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?»

ቀና ብዬ አየዋለሁ። «አዎ ጋሼ። ለዚህ ነው።»

ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ መታ ያደርጋል። «እሺ፣ እሺ። ቃለ ጉባኤው ላይ ይያዝ። እርስዎ ሐሳቡን ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?»

እተረጉምላታለሁ። ወደ ማይኩ ጠጋ ትላለች።

«ሽማግሌ ይኑረን። ሴቶችም አብረው ይቀመጡ። በፍርዱ ያልተስማማ ፍርድ ቤት ይሂድ፤ በሩን ማንም አይዝጋበት።»

«እሱማ ጥሩ ነበር» ይላል ሰብሳቢው፣ «ግን ቅጹ ላይ እንዲህ የሚል ቦታ የለም። ድጋፍ ነው ወይም ተቃውሞ።»

«እንግዲያው ቆሜ እጠብቃለሁ» ትላለች እትዬ። ይህን ያለ አስተርጓሚ፣ በሰብሳቢው ቋንቋ ነው የምትለው።

ጥግ ላይ ያለችው ፀሐፊ ከተሰበሰብን ጀምሮ ቃለ ጉባኤ ስትይዝ ነበር። ሰብሳቢውን ታየዋለች። እትዬን ታያታለች። ቅጹን ገልብጣ ባዶውን ጀርባውን በመዳፏ ታስተካክለዋለች።

«ከመጀመሪያው ጀምረው» ትላለች፣ «ቀስ ብለው ይንገሩኝ።»