የጠበቀ ክዳን

ሃይላንዶቹ እንደሞሉ ናቸው፤ ችግኞቹ ግን ደርቀዋል።

ችግኞቹን ያስተከለችው ባለሙያ፣ ሩሀማ፣ ነቅላ ያመጣችውን ችግኝ በእትዬ አለምነሽ ሳሎን ወለል ላይ ታስቀምጠዋለች። ግንዱን በጥፍሯ ትፍቀዋለች። ከልጣጩ ስር ቡናማ ነው።

ባለፈው ክረምት ከታቦር ተራራ የወረደው ጎርፍ የዚህን ቤት የጓሮ ግድግዳ ይዞት ሄዷል። ችግኞቹ የተተከሉት አፈሩን እንዲይዙ ነው። ዝናቡ ሲቀር በየችግኙ ስር አንዳንድ ሃይላንድ ተቀበረ፤ ግርጌው በመርፌ የተበሳ፣ ክዳኑ የላላ፣ ውሃው ጠብ ጠብ እንዲል።

«ክዳኑን ማነው ያጠበቀው?»

እትዬ አለምነሽ ራሳቸው አንድ በአንድ እየዞሩ እንዳጠበቁት ይናገራሉ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ኤልሳቤጥ ክፍት ውሃ ትንኝ ያራባል እያለች ስንት ጊዜ አስተምራቸዋለች። በዚህ ሰፈር ደግሞ ወባ ያልጣለው ሰው የለም።

«አየር ካልገባ ውሃው አይወርድም እኮ።»

«እኔ ምን አውቄ? የተማርሽው አንቺ። ይላላ ስትዪ ምክንያቱን መች ነገርሽኝ?»

አልነገረቻቸውም። ያን ቀን ቸኩላ ነበር።

ከደጅ የሰው ድምፅ ይሰማል። ዛሬ ለሰፈሩ ውሃ የሚመጣበት ተራ ነው፤ ጎረቤቶች ሃይላንዶቹን ለሁለተኛ ጊዜ ሊሞሉ ጀሪካን ይዘው ቆመዋል። የመጀመሪያውን ከቤታቸው ቀንሰው የሰጡት እትዬ አለምነሽን አምነው ነው።

እትዬ አለምነሽ እጇን ይይዟታል። «ፀሐዩ ነው በያቸው። በጌታ ይዤሻለሁ።»

ሩሀማ እጇን ታስለቅቃለች። «ከታች በኩል ያሉት ሲፋቁ ገና አረንጓዴ ናቸው። የሃይላንዱ ጠብታ ብቻውን አሁን አይደርስላቸውም፤ ሥሮቻቸው ዛሬ በጀሪካን ውሃ ካልራሱ እነሱም አይተርፉም። ፀሐይ ነው ካልኳቸው ‹ታዲያ ውሃችንን ለምን እናባክን› ብለው ጀሪካናቸውን ይዘው ይገባሉ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ የቀረው ግድግዳዎ ይሄዳል።»

«ደጅ የቆመችው ሮማን የሕፃኗን ልብስ ሳታጥብ ነው ውሃዋን የሰጠችኝ። በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«እሺ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ።» ሩሀማ ወደ በሩ ትራመዳለች።

«ተቀመጪ። ያጠበቅኩት እኔ ነኝ፤ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ድምፃቸው እንደ ቅድሙ አይደለም። ሩሀማ ትቀመጣለች። እትዬ አለምነሽ ሻርፓቸውን ከትከሻቸው አንስተው ራሳቸው ላይ ያስራሉ። በሩን ሲከፍቱት የደጁ ጨዋታ ቀጥ ይላል፤ አንዲት ሴት ብቻ እየሳቀች፣ ውሃው ሳይሞቅ እንጀምር እንጂ እትዬ፣ ትላለች።

እትዬ አለምነሽ ይወጡና በሩን ከኋላቸው ይዘጉታል።