የሳሎንጎ ሞተር

ሳሎንጎ ሙሊንድዋ ሞተሩን የራሱ ለማድረግ የወሰነው ሞተሩ ገና ሳይገዛ ነው።

ካምፓላ፣ ንዴባ ሰፈር ውስጥ የሚያከራያቸው ክፍሎች አሉት። መንታ ስለወለደ ሰው ሁሉ ሳሎንጎ ይለዋል፣ ሚስቱንም ናሎንጎ። ዳር ያለችውን ክፍል የተከራያት ሙሂንዶ የሚባል ኮንጓዊ ነው። ሲሚንቶ እየተሸከመ፣ እራቱን እየዘለለ ገንዘብ ሲያጠራቅም ከርሞ አንድ ቀን አከራዩ በር ላይ ጫማውን አወለቀ።

"ሳሎንጎ፣ ሞተር ልገዛ ነው። ሰው ባመላልስበት ሚስቴንና ልጄን ከቡቴምቦ አመጣቸዋለሁ። ግን የስደተኛ ወረቀቴ ገና ነው፤ በስሜ አይመዘግቡልኝም። ሊብሬው በእርስዎ ስም ቢወጣልኝ ብዬ ነበር።"

"ልጄ፣" አለው ሳሎንጎ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ "እኔ አባትህ አይደለሁ እንዴ? አለሁልህ!"

አባት! በሰፈሩ ስንቱ አከራይ በዚህ ዓይነት አባትነት ባለሞተር እንደሆነ ሳሎንጎ አሳምሮ ያውቃል።

ሱቁ ውስጥ ሙሂንዶ ቀዩን መረጠ። ሻጩ "ባለቤቱ ማነው?" ብሎ ሲጠይቅ ሳሎንጎ ደረቱን ነፍቶ ወደፊት ወጣ። መታወቂያውን ሰጠ፣ አሻራውን ሰጠ፣ ፈረመ። ታርጋው በወጣ ዕለትም ሊብሬውን ተቀብሎ ደረት ኪሱ ከተተው።

"እኔ ዘንድ ይቀመጥ። ያንተ በር አያስተማምንም፤ ሌባው በዝቷል።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ሳሎንጎ።"

ሌባው በዝቷል የሚለው ማን እንደሆነ አያችሁልኝ?

ሙሂንዶ ተራ የያዘው ከከተማው ማዶ፣ ናንሳና ነው። ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል። እሁድ እሁድ ለአከራዮቹ ሥጋ ይገዛል። ሳሎንጎ ሥጋውን እያላመጠ በመስኮት ሞተሩን ያያል። ቶሎ ቢነጥቀው ሰው ይንጫጫል። ትንሽ ይቆይ፤ ማን እንደገዛው ይረሳል።

"እንባው አያስፈራህም?" አለችው ሐሳቡ የገባት ናሎንጎ።

"አንቺ ምን አገባሽ? ስሙ የማነው? የኔ!"

አንድ ረቡዕ ሙሂንዶ ሥራ አልወጣም። ሞተሩን ቧንቧው ሥር አቁሞ ሲያጥብ አረፈደ። የፊት መብራቱንም በአዲስ ቀየረው። ከዚያ ሸራ አልብሶት ክፍሉ ገባና ተኛ። በማግስቱም አልወጣም፤ ከዚያም ወዲያ።

"ምን ነካህ አንተ?" አለ ሳሎንጎ በሩን ገፋ አድርጎ።

"አሞኛል። ሳሎንጎ፣ ሞተር ቆሞ ሲውል ይበላሻል። እስኪሻለኝ እርስዎ ይንዱት።" ቁልፉን ዘረጋለት።

ሳሎንጎ ጆሮውን ማመን አቃተው። ቁልፉን ከመንጠቅ ባልተናነሰ ተቀበለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ንዴባን ዞራት። ሥጋ ቤቱ ጋ ያቆመዋል፣ ፀጉር ቤቱ ጋ ያቆመዋል፤ "እንዴት ነው ሞተሬ?" ይላል ያልጠየቀውን ሁሉ። ሰውም "የሳሎንጎ ሞተር" ማለት ጀመረ። ልቡ ጮቤ ረገጠ።

በሳምንቱ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሙሂንዶ ፊት ቆመ።

"ቁልፉን የማልመልስልህ መሆኔን እወቅ። ሊብሬው የኔ፣ ሞተሩም የኔ።"

ሙሂንዶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"እሺ፣ እርስዎ ካሉ" አለ።

በቃ። አልጮኸ፣ አልለመነ፣ ሰው ልጥራ አላለ። ሰውየው አንጀት ይበላ ነበር። ናሎንጎ ይህን ስትሰማ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። "የሚስቱን፣ የልጁን መምጫ! ከሰው አፍ ነጠቅህ!" አለችው። ሳሎንጎን ግን ያቺ "እሺ" እንቅልፍ ነሳችው። ዝም ያለ ሰው ተንኮል አለው። ነገ ክስ ይዞ ቢመጣስ? ሳይቀድመኝ ልቅደመው አለና ፖሊስ ጣቢያ ሄደ።

"ተከራዬ የገዛ ሞተሬን ሊቀማኝ ያሴራል!"

ፖሊሱ የታርጋውን ቁጥር ተቀበለው። አየው፣ እንደገና አየው፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ቆይቶ ወጣ።

"አይዞዎት አባት፣" አለ በትሕትና፣ "ቤትዎ ድረስ መጥተን እንጨርሰዋለን።"

ከሰዓት በኋላ ሁለት ሆነው መጡ። ለኔ ሁለት ፖሊስ! ሳሎንጎ ተከራዮቹን በሙሉ ግቢው መሐል ሰበሰበ። ማን ምን እንደሚል አስቀድሞ ነግሯቸዋል፤ የማይል ደግሞ ዕቃውን ይጫን ብሏል።

"ሞተሩ የእርስዎ ነው?"

"የኔ ነው! ይኸው ሊብሬው።"

"ለሰው ያከራዩበት፣ ያዋሱበት ጊዜ አለ?"

"አንድም ቀን! ከገዛሁት ጀምሮ ከኔ በቀር የተቀመጠበት የለም። ይጠየቁ!"

ፖሊሱ ጠየቃቸው። ተከራዮቹ መሬት መሬት እያዩ፣ አንድ በአንድ፣ ከሳሎንጎ በቀር ሲነዳው ያየነው የለም አሉ። ናሎንጎ ብቻ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ ቤት ገባች።

"አንተስ? ነድተኸዋል?" አለው ፖሊሱ ሙሂንዶን።

ሙሂንዶ አከራዩን አየው።

"ሳሎንጎ እንዳሉት ነው።"

"ሰማችሁ!" አለ ሳሎንጎ እያጨበጨበ። "ከራሱ አፍ!"

ቃሉን ጻፉለት። አንብበው አሰሙት። እየሳቀ ፈረመ፤ ተከራዮቹም ፈረሙ። ፖሊሱ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ካቴናውን ከወገቡ ፈታ።

"የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ፣ ናንሳና መንገድ ላይ ገጭተህ ጥለሃት የሸሸሃት ልጅ ትናንት ሞታለች" አለው ሳሎንጎን።