መጋቢ አብርሃም እግር ሊያጥብ መርሳ ወረደ

መጋቢ አብርሃም ትሕትናን የተማረው በዲግሪ ነው። ሁለተኛ ዲግሪውን በአገልጋይ መሪነት ይዞ ከአዲስ አበባ ወልድያ ሲመጣ፣ ትንሿ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ በእልልታ ተቀበለችው። ተማሪዎች ቦርሳውን ተሸከሙለት፤ ወንበሩን ወለወሉለት፤ ውሃ አቀረቡለት። እሱም ተደላድሎ ተቀምጦ፣ መሪ ማለት ዝቅ ብሎ የሚያገለግል ነው ብሎ አስተማራቸው።

ሌላው ትምህርቱ «የባህል ብልህነት» ይባል ነበር። የወሎን ሰው ባህል በአንድ ከሰዓት በኋላ አስተምሮ ጨርሶታል።

በዚያ ሰሞን ኮሌጁ ዋና ኃላፊ ይፈልግ ነበር። የቦርዱ ሰብሳቢ ወይዘሮ ፀሐይ መምህራኑን በሥራ ላይ ሊያዩ እንደሚመጡ ተሰማ። ሌሎቹ መምህራን የክፍል ትምህርት ሲያዘጋጁ፣ አብርሃም የተሻለ ነገር ታየው። ተማሪዎቹን ይዞ መርሳን አልፎ ካለ የሙስሊሞች መንደር ይሄዳል፤ ማሽላ ያሳጭዳቸዋል። ከዚያ እሱ ራሱ በሕዝብ ፊት ተንበርክኮ የመንደሩን ታላቅ፣ የሼህ ሚስባህን እግር ያጥባል።

ይህን ለክፍሉ ሲነግር ብርቱካን እጇን አወጣች። የመርሳ ልጅ ናት፤ በሼህ ሚስባህ መንደር የእናቷ ዘመዶች አሉ። በእኛ አገር፣ አለች፣ የእንግዳን እግር የሚያጥበው ባለቤቱ ነው። እንግዳ ተገልብጦ ባለቤቱን ላጥብ ካለ፣ በወጉ አላስተናገዳችሁኝም ብሎ እንደ መሳደብ ነው። ሼህ ሚስባህ ደግሞ ደም የሚያደርቁ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው፤ በልጅ በዐዋቂው ፊት ባይዋረዱ ጥሩ ነው። አጭደን፣ ያቀረቡልንን በልተን፣ ተመራርቀን ብንመለስ ይበቃል።

መጋቢ አብርሃም በትዕግስት ፈገግ አለ።

«ብርቱካን፣ ባህልን ከውስጡ ያለ ሰው አያየውም» አላት። «ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ለዚህ ነው።»

ብርቱካን አልተከራከረችም። ቀድማ ሄዳ መንደሩን እንድታዘጋጅ ብቻ ፈቃድ ጠየቀች። በዚያ ሳምንት ሥልጣንን ስለ ማካፈል ሲያስተምር ስለነበር ፈቀደላት። በማግስቱ ተመልሳ፣ እሺ ብለዋል አለችው።

«እንዴት እሺ አሉሽ?»

«ስለ እርስዎ አስረዳኋቸው» አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች።

ይህ መሬት መሬት ማየት አላማረውም። ነገር ሠርታ ይሆን? ወይዘሮ ፀሐይ ፊት ሽማግሌው እግራቸውን እንዲሰበስቡበት መክራቸው ይሆን? እስከ ቀጠሮው ቀን ሲብሰለሰል ሰነበተ።

የፈራው አልደረሰም። ከወይዘሮ ፀሐይና ከተማሪዎቹ ጋር ከመኪና ሲወርድ ሼህ ሚስባህ ራሳቸው ወጥተው ተቀበሉት። እጁን እንደያዙ፣ ሳይለቁ፣ ከሁሉ የተሻለው ጥላ ሥር አስቀመጡት። «አብሽር ልጄ» አሉት፤ «አላህ ሁሉን ያውቃል።» ወንዶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያናግሩት። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት ሰበሰቡ። አብርሃም ይህን ሁሉ ለመምህር የሚሰጥ ክብር ነው ብሎ ለወይዘሮ ፀሐይ በሹክሹክታ አስረዳቸው።

ተማሪዎቹ ማሳው ውስጥ ሲገቡ እሱም ምሳሌ ሊሆን ማጭድ አነሳ። ኡበይደላ የሚባል ግዙፍ ገበሬ ቀስ ብሎ ማጭዱን ከእጁ ወሰደ። «ለአንተ ዕረፍት ነው የሚሻልህ፣ ወንድሜ» አለው። አብርሃም አላስቸገረም። በምትኩ ጥላው ሥር ለቀሩት አዛውንት ስለ አገልጋይ መሪነት ሰፊ ትምህርት ሰጣቸው። የተቃወመው የለም። ያለውን ሁሉ «እሺ፣ እሺ» አሉት። አንዱ እንዲያውም በኩታው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

አሚና የምትባል ባልቴት በማር የተለወሰ ጥቁር አዝሙድ ለእሱ ብቻ አመጣችለት። ጨርሶ እስኪውጥ ድረስ ከአጠገቡ አልተነቃነቀችም። አብርሃም እንዲህ ያለ መስተንግዶ የትም አላየሁም አለ። እውነቱን ነው።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ጊዜው ደረሰ። ሼህ ሚስባህ ውዱእ አድርገው፣ ሰግደው፣ ጥርት ባለ እግር መጡ። አብርሃምም በቀን አምስት ጊዜ እግሩን የሚታጠብን ሰው እግር ሊያጥብ ሳፋውን ዘርግቶ ተንበረከከ። የቀረችው ጥርጣሬ መጣችበትና ብርቱካንን አያት። አንገቷን ደፍታለች።

ሽማግሌው ግን ምንም ሳያንገራግሩ እግራቸውን ሰጡት። እሱ ሲያጥብ እጃቸውን ከራሱ ላይ ጭነው ረጅም ዱዓ አደረጉ፤ መንደሩ በሙሉ «አሚን» አለ። ተማሪዎቹ አለቀሱ። አብርሃምም አለቀሰ፤ በራሱ ተነክቶ።

ወይዘሮ ፀሐይ መነጽራቸውን አውልቀው ተነሡ። ቦርዱ ሲፈልገው የነበረውን ሰው ዛሬ አገኘን አሉ። ከዛሬ ጀምሮ ኮሌጁን የሚመሩት መጋቢ አብርሃም ናቸው፤ መምህራኑም ተማሪዎቹም በእጃቸው ናቸው። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ።

የመንደሩ ሰው አላጨበጨበም። እርስ በርሱ ተያየ። ሼህ ሚስባህ ወደ ብርቱካን ጎንበስ አሉና በጆሮዋ ተናገሩ። መጋቢ አብርሃም ገና ከእግራቸው ሥር ስለነበር እያንዳንዱን ቃል ሰማ።

«ልጄ፣ ሐኪሙ ‹የሚለውን ሁሉ እሺ በሉት፣ አታስቆጡት› ብሏል ስትይን እኛስ ችለን ዋልን፤ እነዚህ ሰዎች እንዲህ በታመመ ሰው ላይ ትምህርት ቤት ይጭኑበታል?»