የቱኪጃን ክንድ

አንዲት አሮጊት ጠዋት ጠዋት እየመጣች የልጃችሁን ክንድ እየገለጠች ብታይ ምን ትጠረጥራላችሁ?

በጃቫ፣ በካራንግሳሪ መንደር የተጠረጠረው ክፉ ዓይን ነው። እማማ ሳሪጀም ቅጠል ቀምማ ስታድን የኖረች ሴት ናት። ጃቫን የሚገዛው የሆላንድ መንግሥት የፈንጣጣ ከታቢ መላክ ከጀመረ ወዲህ ደጇ ጭር ብሏል። ከታቢው ሱሮ የዋጊኒን ሕፃን ቱኪጃንን ከትቦ በሄደ ማግስት መመላለስ ስትጀምር ታዲያ ማንም ለደግ አልመሰለውም።

ያኔ ክትባት ከክንድ ወደ ክንድ ነበር። የተከተበው ሕፃን ክንድ ውሃ ሲቋጥር ከታቢው ተመልሶ ፈሳሹን ይወስድና ሌሎችን ይከትብበታል። ከወንዙ ማዶ፣ ወዳስ መንደር፣ ፈንጣጣ ገብቷል። የዚያ ልጆች የሚጠብቁት የቱኪጃንን ክንድ ነው። እምቢ ያለች እናት ትታሰራለች።

አሮጊቷ ሕፃኑን ትታቀፋለች፣ እጅጌውን ትሰበስባለች፣ አይታ ትሄዳለች። ዋጊኒ ምንም አትላትም። የበኩር ልጇ ከታቢዎች ፈሳሹን ከክንዱ ካለቡት በኋላ አተኩሶት ከሞተባት ጀምሮ ብዙ አትናገርም።

ሱሮ ሲመለስ የቱኪጃን ክንድ ውሃው ደርቋል። የእርድና የሩዝ ልቁጥ ተለጥፎበታል። በካራንግሳሪ እርድ የሌለበት ጓሮ የለም። ሱሮ ግን የከተማ ሰው ነውና የጠየቀው የመድኃኒተኛዋን ቤት ነው።

አምጥተው አቆሟት። የመንደሩ አለቃ፣ ከታቢው ገበያዋን ስለዘጋባት ቂሟን ልጁ ላይ ተወጣችው እንዴ ብሎ አላገጠባት። እሷ እሱን ዞር ብላም አላየችውም።

«ጌታው፣ ሌላ የተከተበ ልጅ የለም?» አለችው ሱሮን።

«ሰማችኋት? ሁለተኛውንም ልታደርቅ ነው እኮ» አለ አለቃው። ሰዉ ሳቀ።

ጎጆዋን አፍርሰው ከመንደር አባረሯት። ሱሮ አዲስ ፈሳሽ ፍለጋ ወደ ከተማ ወረደ። ይዞ ሲመጣ ወዳስ ውስጥ የሚከተብ ልጅ እምብዛም አልቀረም።

ዝናቡ ሲያባራ ዋጊኒ ወንዙን ተሻገረች። አሮጊቷን ወዳስ ውስጥ ከአንድ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ አገኘቻትና እግሯ ላይ ወደቀች።

«እማማ፣ የቀባሁት እኔ ነኝ። እንደ በኩሬ እንዳይሞትብኝ ብዬ ነው። ይቅር በይኝ።»

«የልጅ ልጄ ያንን ክንድ እየጠበቀች እዚህ ቤት ሞተች» አለች እማማ ሳሪጀም። «ከታቢውንም፣ አለቃውንም፣ አንቺንም፣ ማንንም ይቅር አልልም።»