ሶኬት ያዥዋ

የወረታው አናጢ ማረው ለሚስቱ ለድንቅነሽ ባይሳሳም ለጣቶቹ ይሳሳ ነበር። ከጎረቤቱ ወፍጮ ቤት ሞተር በሳበው መብራት የሚሠራውን የጠረጴዛ ፎርማይካ መከርከሚያ ማሽን ምላጭ ሲቀይር፣ እሷ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቅላ «ይዤዋለሁ» ካላለችው ማሽኑን አይነካም። የፎገራ ወባ እያንዘፈዘፋት «ትንሽ ጋደም ልበል» ብትለው፣ «ጠረጴዛው ሳያልቅ የምን መጋደም ነው!» አላት። ሶኬቱን እንደጨበጠች ወድቃ ቀረች።

በአርባዋ ማግስት ሥራ ጀመረ። ምላጩ ሲዶለዱምበት፣ እንደ ልማዱ ሳይዞር፣ «አንች፣ ነቀልሽው?» አለ።

«ይዤዋለሁ» አለችው ከኋላው።

መሞቷ ትዝ ያለው ጣቶቹን ምላጩ ላይ ካሳረፈ በኋላ ነው። ቀና ሲል ሶኬቱ ከግድግዳው አልተነቀለም። እጁን ሊያነሳ ሲል በትኩሳት የሚፋጅ፣ የሚንቀጠቀጥ መዳፍ ተጫነው፤ ሌላው መዳፍ የማሽኑን ማብሪያ በዳበሳ ይፈልግ ነበር።